የአንድ ክረምት የጠዋት ሰልፍ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

አዳራሹ ተፈቀደልን። ቁልፉ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

የስፖርት አዳራሹ ኃላፊ የድሮ ተማሪዬ ነው። ዛሬ ከትልቅ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ እንኳ ስገባ ብድግ አለልኝ። ነገሩን ግን አላድበሰበሰውም። «ቲቸር፣ የምሰጥዎት እስከ ክረምቱ መውጫ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳይገባ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቦርዱ ሰዎች መጥተው ያያሉ። ደስ ካላቸው ዓመቱን ሙሉ የእናንተ ይሆናል። ካላላቸው ሰዓቱን የሚፈልግ ክለብ አለ፤ ያኔ እኔም ላስጥልዎት አልችልም።»

«ደስ ይላቸዋል» አልኩት።

«ሰዎቹ... ማለቴ፣ ሥርዓት ይይዛሉ?»

«አንተስ ትይዝ ነበር?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሥርዓት እንደሚይዙ ማሳየት የእኔ ፈንታ ነው።

የጀመርነው በበጋ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። በመናኸሪያው በረንዳ የሚያድሩትን ሰዎች ሲነሡ አያለሁ። አንድ ቀን አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሲሚንቶው ላይ ደርቆ መነሣት አቃተው። በጎኑ እንዲገለበጥ፣ እጁን እንዲተክል፣ አንድ ጉልበቱን እንዲያስቀድም አሳየሁት። በማግስቱ ሌላ ሰው ጨምሮ ጠበቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ሰውን ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው የማውቀው ሥራ። አሁን ሃያ ገደማ ሆነዋል። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ስላደረገው ነው አዳራሽ ፍለጋ የወጣሁት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

የመጀመሪያው ጠዋት። የጣውላ ወለል፣ ከፍ ያሉ መስኮቶች። እኔ ሳላዝ ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። በአራት መስመር አሰለፍኳቸው።

ማሟሟቂያው ደህና ሄደ። «አሁን በጀርባችሁ ተኙ» ብዬ ፊሽካ ስነፋ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። በመጨረሻ ሒሳብ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ከወለል ጋር ስንተዋወቅ ነው ያደርነው። የቆመ የቆመውን ያሠሩን።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እውነቷን ነው። የመተኛቱን ክፍል ከዕቅዴ ሰረዝኩት።

ሒሳብ የምትባለው የታክሲ ረዳት ስለነበረች ነው። ባለቤቱ መኪናውን ሲሸጥ ሥራዋ ቀረ፤ ሥራዋን ተከትሎ የኪራይ ቤቷም ቀረ። ድምፅዋ ብቻ አብሯት አለ። ሰው ዘግይቶ ሲገባ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ከኋላ የአንድ ሰው ቦታ» ትላለች። ዝም በዪ እላታለሁ። ትንሽ ትታገሣለች፣ ከዚያ ትረሳዋለች።

አንድ ነገር አላማረኝም። ቦርሳቸውን፣ ጥቅልላቸውን፣ ማዳበሪያቸውን በግራው ግድግዳ ሥር ደረደሩ። ከዚያ ክንድ ሲዘረጉም፣ ቁጭ ብድግ ሲሉም የሁሉም አንገት ወደ ግራ ነው። መስመሩ ይጣመማል። አከርካሪ ይጣመማል። ይህ መታረም አለበት።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ዝናብ። ሁሉም መጡ። አንገት ወደ ግራ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ያ በበጋ መነሣት ያቃተው ሰው ሰዓት ሠሪ ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራውን ከተወ ቆይቷል። ዕድሜ ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔ ግን ሲተኛ አይቼዋለሁ፤ ቦርሳውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጣቶቹን ቆልፎ ነው ብርድ ላይ የሚያድረው። ሌሊቱን ሙሉ የተጨበጠ እጅ ጠዋት ምን ይሆናል? ስለዚህ ለብቻው የጣት ሥራ ሰጠሁት፤ መክፈት፣ መዝጋት፣ አውራ ጣትን ከየጣቱ ጋር ማገናኘት። ሌሎቹ ክንድ ሲያወዛውዙ እሱ ጥግ ላይ ጣቶቹን ያጫውታል።

ዛሬ ስንጨርስ የቆመብኝን የእጅ ሰዓት ጠየቀኝ። ከቦርሳው ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን አወጣ። ውስጧ ቀጫጭን መፍቻዎች፣ ወረንጦ፣ ዓይን ላይ የሚገጠም ማጉያ፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ሽቦዎች። የሰዓቴን ጀርባ ከፈተና አንዲት ብሎን በወረንጦ አነሣ። አየር ላይ ያዛት። ሁሉም ከበውት ነበር። አልተንቀጠቀጠችም።

«ይቺን የምታህል ነገር ስንት ጊዜ ከእጄ ወድቃ በጉልበቴ ፈልጌያታለሁ» አለ።

«አሁን ከወደቀች እኛ አለን፤ ወለሉን እናውቀዋለን» አለች ሒሳብ።

መናኸሪያው አጠገብ መነጽር የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ ደጃፉ ላይ የጠረጴዛ ቦታ ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። «ዝናቡ ሲያባራ፣ እጅህ ከጸና ና» ብሎታል። ሰዓት ሠሪው ሳጥኗን መልሶ በጨርቅ ሲጠቀልላት ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ፣ «ይቺ ከሌለች ሰዓት ሠሪ ነኝ ብል ማን ያምነኛል» አለ።

ሰዓቴ ይሠራል።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ኃላፊው ዛሬ አዳራሹ ድረስ መጣ። ዓይኑ ሰዎቹ ላይ አላረፈም፤ ግድግዳው ሥር ያለው ውሃ ላይ ነው። ከቦርሳዎቹ የተንጠባጠበ ነው። «ቲቸር፣ ጣውላው ያብጣል። የቦርዱ ሰዎች ይህን ካዩ አለቀልን።» እንደ ተማሪ ጆሮዬ ቀላ።

ማታ ልጄ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ኩሽና ያለሁ አልመሰላትም። «እማዬ ደህና ናት። ሰው ማሰለፍ ናፍቋት ነበር፣ አገኘች። ቤት ውስጥ እኮ ማንኪያዎቹን ሳይቀር አሰልፋቸዋለች።» ሳቀች። በክፋት አይደለም። ማንኪያ በየመጠኑ ቢደረደር ምን ክፋት አለው?

ውሃውና አንገቱ። ሁለቱን በአንድ ላይ መፍታት ይቻላል።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ተፈታ።

ትልልቅ፣ ወፍራም፣ ጥቁር ፌስታሎች ገዛሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት። እያንዳንዱ ሰው ዕቃውን ፌስታል ውስጥ ከቶ ያስራል፤ ከዚያ ከኋላ በር ውጪ፣ ጣሪያው ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ይደረደራል። ወለሉ ደረቅ፣ ዓይን ወደ ፊት።

ሒሳብ የእሷን ከፍ አድርጋ አየችው። «ይሄ የቆሻሻ አይደል እንዴ ቲቸር? አሽገው ሊያወጡን ነው?»

ሳቁ። ሳቁ አጭር ነበር።

ሰዓት ሠሪው አልሳቀም። «ፌስታል ውስጥ ከገባ አይንጠባጠብም» አለ። «እዚሁ ግድግዳው ሥር ቢሆንስ?»

«እዚህ ከሆነ ታያላችሁ፤ ካያችሁ ትዞራላችሁ። ለዚህች ሰዓት እንኳ ዓይናችሁን ከዕቃ ላይ አንሡ። ማንም አይነካውም። ዋሱ እኔ ነኝ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ አሰሩ። መጨረሻ ያሰረው ሰዓት ሠሪው ነው። ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

ሲደረደር በጣም ያምራል። እኩል ርቀት፣ እኩል ቁመት። ኃላፊው ቢያየው ደስ ይለዋል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

አሁን አንገታቸው ወደ ኋላ በር ሆነ። ልማድ ነው፤ ይለቃል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዛሬ ማንም አልዞረም።

ሆን ብዬ ጠበቅሁ። ጀርባ ለጀርባ ተደግፈው፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው፣ ቀስ ብለው ቁጭ ብለው ቀስ ብለው የሚነሡበትን ሥራ ሰጠኋቸው። አንዱ ካመነታ ሁለቱም ይወድቃሉ። ማንም አልወደቀም። ማንም ወደ በሩ አላየም። በሕይወቴ ካሠለጠንኳቸው መስመሮች ይህን የሚያህል አላስታውስም።

ሒሳብ ስንወጣ ያወራችው ይጻፍ። «ትናንት ያ በረንዳው ላይ የሚያባርረን ጥበቃ ጠጋ ብሎ ‹ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?› አለኝ። ቀጥ ብዬ ቆሜ ስለነበር ባለጉዳይ መሰልኩት።»

«ታዲያ ምን አልሺው?» አላት ሰዓት ሠሪው።

«ወራጅ አለ ብዬው ሄድኩ።»

እነሱ ይሳቁ እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቀጥ ብሎ የቆመን ሰው ለማባረር የሚያባርረውም ይከብደዋል። ለቦርዱ ሰዎች ይህን እነግራቸዋለሁ። ወይም አልነግራቸውም፤ ያዩታል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22፣ ቀን

ሁሉም ተወሰደ። አንድም አልቀረም። ማታ እጽፈዋለሁ።

ያው ዕለት፣ ማታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የቆሻሻ መኪናው የሚመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ይህን ከአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ ጠይቄ አረጋግጬ ነበር። ባለፈው ሐሙስ መንገዱ በጎርፍ ስለተዘጋ አልመጡም፤ ያጎደሉትን ሊሞሉ ዛሬ ጠዋት መጡ። ማንም አልነገረንም። እኛ ውስጥ ነን። ፊሽካ እየነፋሁ ነበር፤ የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ የዝናብ ነጎድጓድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ስንጨርስ ሒሳብ ቀድማ ወጣች። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «የለም» አለች።

ሁሉም ወጡ። ጣሪያው ሥር ደረቅ ሲሚንቶ ብቻ ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋን ጠራኋት። መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች። «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሰዎቹ ከኋላ በር ነው የሚያነሡት። በጥቁር ፌስታል ታስሮ በር ላይ የተደረደረ ነገር ለማን ምን ይመስላል?»

«መጠየቅ ነበረባቸው» አልኩ።

«ቆሻሻን ማን ይጠይቃል?» አለች።

ሰዓት ሠሪው አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «መኪናው በየት በኩል ሄደ?» ብቻ ነው ያለው። ሁላችንም በዝናብ ከተማው ጫፍ እስካለው ቆሻሻ መድፊያ ድረስ ሄድን። በሩ ላይ ያለው ሰው አላስገባም አለ። መኪናው ጭነቱን እየጨፈለቀ የሚሄድ ዓይነት እንደሆነ ነገረን። «የቆሻሻውን ተራራ ታያላችሁ? የምትሉት ዕቃ ከሥሩ ነው» አለ። ባልና ሚስቱ፣ ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የሚቆሙት፣ አጥሩን ይዘው ቆሙ። የሠርጋቸው ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። እኔ ፎቶ እንደነበራቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ማንም አላነጋገረኝም። ሰዓት ሠሪው ከፊቴ ይሄድ ነበር። እጁን የሚያደርግበት አጥቶ አንዴ ኪሱ ይከታል፣ አንዴ ከኋላው ያጣምራል።

የቆሻሻ መኪናው ሰዎች ፕሮግራማቸውን ቢያከብሩ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ሐሙስ ከሆነ ሐሙስ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ማንም አልመጣም። በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ። ፊሽካዬን ነፋሁ። ብቻዬን ማሟሟቂያውን ሠራሁ፤ ሰውነት እንዳይቀዘቅዝ።

ኃላፊው ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጥንቃቄ እንደጎደላት ነገርኩት። ለመኪናው ሰዎች መንገር ትችል ነበር፤ ይህ እውነት ነው። «እቀጣታለሁ» አለ። ዝም አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ብርድ ልብሶች ገዝቼ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ። ልጄ በመኪናዋ አደረሰችኝ። በረንዳው ላይ ሒሳብንና ሌሎቹን አገኘኋቸው። ተቀበሉኝ። «እናመሰግናለን ቲቸር። እግዜር ይስጥልን።» እንደ እንግዳ ነው ያመሰገኑኝ። ሒሳብ አልቀለደችም።

ሰኞ እንደምጠብቃቸው ነገርኳቸው። «እናያለን» አለች።

ሰዓት ሠሪው ዓምዱን ተደግፎ ነበር። ከሰዓት ጠጋኞች ተራ የገዛሁትን የመፍቻና የወረንጦ ስብስብ ሰጠሁት። የእሱ ዕቃዎች በአንድ ቀን የሚሰበሰቡ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝ፣ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሌላ የሚከትበት የለውም። እጁ ይንቀጠቀጣል።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ልጄ፣ «እማዬ፣ ፌስታሉን ማን ገዛው?» አለችኝ።

«ዝናብ ነበር» አልኳት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

ሰኞም አልመጡም። ዛሬም።

የመኪናው ሰዎች ፕሮግራማቸውን ቢያከብሩ ኖሮ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። የቦርዱ ጉብኝት ነሐሴ 21 ሆኗል። ፎቶ አንሺም አለ። «ሰዎቹ የታሉ ቲቸር? ስንት ቀን ሆነ አዳራሹ ባዶ ነው እየተባልኩ።»

«ትንሽ ዕረፍት ሰጥቻቸው ነው» አልኩት። ይህን ስል ፊቱን አላየሁም።

«ስምዎትን ጠርቼ፣ ‹እሷ ካለች ሥርዓት አለ› ብዬ ነው ያስፈቀድኩት። ካስፈለገ እኔ ሰው አገኛለሁ። ቤት የሌለው ሰው ጠፍቶ ነው? ለአንድ ጠዋት አሰልፈው ያሳዩልኝ። በኋላ የእርስዎዎቹ ሲመለሱ ቦታቸው ይጠብቃቸዋል።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። «ላስብበት» አልኩ።

ስወጣ ኮሪደሩን የምትወለውለው ሌላ ሴት ናት። የድሮዋ የት ሄደች ብዬ ጠየቅኋት። መጸዳጃ ቤት ብቻ እንድታጸዳ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሯት አለችኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

እያሰብኩበት ነው። አዳራሹ ከተረፈ እነሱም መመለሻ ይኖራቸዋል። ይህ ስሌት ስህተት አለበት? አንድ ጠዋት ብቻ ነው። አላውቅም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

አገኘኋቸው።

ጠዋት ስሄድ በአትክልት መጋዘኖቹ በኩል አለፍኩ። ገና ጭነት ማራገፍ አልጀመሩም። ከመጨረሻው መጋዘን በስተኋላ ድምፅ ሰማሁ። «ጠጋ ጠጋ፣ እጅ ወደ ላይ፣ የቀኝ መስኮት፣ የግራ መስኮት።» የሒሳብ ድምፅ ነው። ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ሆኜ አየሁ።

ሰፊ ማራገፊያ በረንዳ ነው፤ ጣሪያ አለው። ሁሉም አሉ። እንዲያውም የማላውቃቸው ተጨምረዋል። መስመር የላቸውም፤ ክብ ሠርተው፣ ፊታቸውን ወደ መሃል አዙረው፣ ያገኙትን ዕቃ ሁሉ መሃል ከምረውታል። የሰጠኋቸውን ብርድ ልብሶች ለየሁ። አንገቱን የሚያዞር የለም፤ የሚያዞርበት ምክንያት የለም። ሰዓት ሠሪው ጣቶቹን እየከፈተ እየዘጋ ነው።

ቁጭ ሲሉ ጉልበታቸው ከእግር ጣታቸው ያልፋል፤ ለመገጣጠሚያ ጥሩ አይደለም። ቁጭ ብድጉ በጣም ፈጣን ነው። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ ነበር። አልነፋሁም።

የመጋዘኑ ዘበኛ ከኋላዬ መጥቶ አስደነገጠኝ። «እናቴ፣ አላየሁም ይበሉ» አለኝ በሹክሹክታ። «ብርድ ስለሆነ ነው የፈቀድኩላቸው። ገበያው ሳይከፈት ይወጣሉ፣ ጠርገው ነው የሚሄዱት። አለቃዬ ከሰማ ግን እነሱን አባሮ አያቆምም፤ እኔም ከነሱ ጋር መሰለፌ ነው።»

አላየሁም አልኩት።

ቤት ገብቼ ያየሁትን ስህተት ሁሉ በተራ ጻፍኩ። ከዚያ ገጹን ቀደድኩት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

ለኃላፊው መልስ አልሰጠሁትም። እሱም አልጠየቀኝም። ያ የጭነት መኪና ጀርባ ሄጄ መቆም ልማድ ሆኖብኛል። ትናንትም ቆምኩ። ሒሳብ አንድ ጊዜ ወደ መኪናው ቀና አለች። ያየችኝ መሰለኝ። ጥሪዋን አላቋረጠችም።

ልጄ «የት እየሄድሽ ነው ጠዋት ጠዋት?» አለችኝ።

«ወክ» አልኳት።

«ጫማሽ ላይ የጎመን ቅጠል አለ» አለች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

የቦርዱ ሰዎች ሦስት ናቸው። አንዲት ሴት ሰብሳቢ፣ ሁለት ወንዶች፣ ከነሱ ጋር ፎቶ አንሺ። ኃላፊው በር ላይ ተቀብሎ አስገባቸው። እኔ ውስጥ ነበርኩ።

ከፊቴ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ቆመዋል። በአራት መስመር። ኃላፊው የቀን ሠራተኞች ሥራ ከሚጠብቁበት ማዕዘን ሰብስቦ ያመጣቸው ናቸው። አንዱ በጣም ደንግጧል፤ ምን እንደሚያሠሩት ሳይነገረው ነው የቆመው። ሁሉም ወደኔ ያያሉ። ኃላፊውም ያያል። ፊሽካዬን ብነፋ ይንቀሳቀሱ ነበር። እንዴት እንደማሠራቸውም አውቃለሁ፤ ፈጽሞ የማያውቅን ሰው አስመስሎ ማሠራት ለስፖርት መምህር ቀላል ነው። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ፣ «እንግዲህ ያሳዩን» አለች።

«እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም» አልኩ።

ኃላፊው ፊቱ ተለወጠ። «ቲቸር ቀልድ ይወዳሉ» አለ።

«ቀልድ አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ሥራ ትተው ነው የመጡት። የቀናቸውን ከፍለህ ሸኛቸው።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው በዝግታ ወደ በሩ ሄዱ። ያ የደነገጠው ሰው ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ።

ሰብሳቢዋ ቁጣም ሳቅም የሌለባት ሴት ናት። «የእርስዎዎቹስ የት ናቸው?» አለችኝ።

«ዕቃቸው እዚህ ጠፋባቸው። ትተውኝ ሄዱ።»

«ማን አጠፋው?»

ኃላፊው ቀድሞ፣ «የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እርምጃ ተወስዷል» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የቆሻሻ ፌስታል ገዝቼ፣ ያላቸውን ሁሉ እዚያ ውስጥ አሳስሬ፣ ከኋላ በር አስደረደርኩ። እዚህ ግድግዳው ሥር ይሁን ብለው ለምነውኝ ነበር። መስመሩ እንዳይጣመም ብዬ እምቢ አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ምንም አላጠፋችም። ወደ ቦታዋ እንድትመለስ እጠይቃለሁ።»

የሚገርመው፣ ይህን ስናገር ድምፄ ክፍል ውስጥ ትምህርት የምሰጥ ይመስል ነበር።

ሰብሳቢዋ ኃላፊውን አየችውና ወደኔ ዞረች። «አሁን ሌላ ቦታ የሚሰበሰቡ ከሆነ ሄደን እንይ። መኪና አለ። ቡድኑ ካለ አዳራሹን የምንከለክልበት ምክንያት አይታየኝም።»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሣ።

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ አሰብኩ። ምናልባት ረጅም አልነበረም። መጋዘኖቹ በመኪና ሩቅ አይደሉም። ገና ሳይበተኑ እንደርስ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከነካሜራቸው በረንዳው ላይ ቢወርዱ፣ ማታውኑ የመጋዘኑ አለቃ ይሰማል። ዘበኛው ይባረራል። እነሱም። አዳራሹን ቢሰጧቸውስ ይገባሉ? ዋስ ነኝ ያለቻቸው ሴት ሰዎች በመኪና ጭና፣ ያሉበትን ጠቁማ ከመጣች በኋላ?

«አላውቅም የት እንዳሉ» አልኩ። «ቡድን የለም።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ኃላፊው እጅ ላይ አኖርኩት። እጁን ወዲያው አልጨበጠም። «ቲቸር፣ ምን አደረግሁዎት?» አለኝ በቀስታ፣ ሰዎቹ እንዳይሰሙ። ስምንተኛ ክፍል እያለ ስቀጣው እንዲህ ነበር የሚለኝ። አንድም ክፉ አላደረገብኝም።

ሰዓቱ ለክለቡ ተሰጠ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ከቤት አልወጣሁም። ልጄ ሻይ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። መሃል ላይ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ «ነገ ወክ ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ፊሽካዬን ቤት ትቼ ሄድኩ። ከመኪናው ጀርባ አልቆምኩም። በረንዳው ጫፍ ድረስ ሄጄ ቆምኩ።

ማሟሟቂያ ላይ ነበሩ። ሒሳብ አየችኝ፤ ጥሪዋ ተቋረጠ። ሁሉም አዩኝ። የማላውቃቸው አዲሶቹ ደግሞ ዕቃቸውን አዩ።

«አዳራሹ ቀረ» አልኩ። «ሰዎቹ የት እንዳላችሁ ጠይቀውኝ አልነገርኩም። ወደፊትም ማንም አይሰማም ከኔ። ዕቃችሁን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለእናንተ ሳልል ለሌላ ሰው ቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ እሱም ጥፋት ነው።»

ባልና ሚስቱ ወለሉን ያያሉ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይጮኻል። ልመለስ እግሬን አንሥቼ ነበር።

«ቆመው ሲያዩን ለሥራ አይመችም» አለ ሰዓት ሠሪው። ድምፁ ቁጣም ይቅርታም የለበትም። ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ፤ በእሱና በባልየው መካከል ክፍተት ተፈጠረ። «ወይ ይግቡ፣ ወይ ይሂዱ።»

ገባሁ። ክቡ ውስጥ ቆምኩ። የባልየው ክርን ክርኔን ነካኝ። አልሸሸም፤ አልተጠጋምም።

ሒሳብ ለጥቂት ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሞልቷል፣ እንሂድ» አለች። «ቁጭ ብድግ። አንድ።»

ጉልበቴ ጮኸ። ጓደኛዬ የነበረ ጉልበት ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሌሎችን ሳዝ ረስቼዋለሁ። ሁለት። ሦስት። አቆጣጠሯ በጣም ይፈጥናል። አራት። አምስት። ስድስት። ከዚያ ሒሳብ «ስምንት» አለች። ሁሉም አብረዋት ስምንት አሉ። እኔም «ሰባትስ?» ሳልል አብሬያቸው አለፍኩ።